የባሕር ባስን በጸደይ መጀመሪያ ከዳርቻ ማጥመድ

የባሕር ባስን በጸደይ መጀመሪያ ከዳርቻ ማጥመድ ባስ የተባለው የባሕር ዓሣ ቀዝቃዛዎቹን ወራት ከዳርቻ ርቆ አሳልፎ፣ እንቁላሉን ጥሎ ወደ ባሕር ዳር በሚመለስበት ወቅት የሚካሄድ የዘንግ ዓሣ ማጥመድ ዓይነት ነው። አጥማጁ ጀልባ አይጠቀምም፤ በዓለት፣ በጠጠር ወይም በአሸዋ ዳርቻ ላይ ቆሞ ይወረውራል። በመንጠቆው ላይም ትል ወይም ቁራጭ ዓሣ ሳይሆን ትንሽ ዓሣ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማማለያ ያስራል። ይህ አጠማመድ በደቡብና በምዕራብ እንግሊዝ፣ በዌልስ፣ በአየርላንድ እና በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ የተለመደ ነው።

በእነዚህ አገሮች ጸደይ የሚባለው ከማርች እስከ ሜይ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከየካቲት 22 እስከ ግንቦት 23 ድረስ ማለት ነው። በዚህ ወቅት አጥማጁ ሁለት ነገሮችን ማገናዘብ አለበት። አንደኛው ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ መሆኑ ነው፤ ይህም ዓሣው የት እንደሚገኝና ማማለያውን እንዴት እንደሚከተል ይወስናል። ሁለተኛው ባስ በጣም በዝግታ የሚያድግ ዓሣ መሆኑ ነው፤ ይህም የተያዘው ዓሣ ይበላ ወይስ ይለቀቅ ለሚለው ጥያቄ መነሻ ነው።

## ስያሜ

ባስ የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። በእንግሊዝኛም ቢሆን የአንድ ዓሣ ብቻ ስም አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የሚኖረው ባለ ትልቅ አፍ ባስ፣ በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚገኘው ባለ ሸንተረር ባስ እና በእስያና በአውስትራሊያ ባራሙንዲ የሚባለው ዓሣ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው የአውሮፓን የባሕር ባስ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዲሴንትራርከስ ላብራክስ ሲሆን ሞሮኒዴ ከተባለው ቤተሰብ ይመደባል። ለሳይንስ መጀመሪያ የመዘገበው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ነው።

ዓሣው በየአገሩ የተለያየ ስም አለው። በፈረንሳይ የአትላንቲክ ዳርቻ «ባር»፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻዋ ደግሞ «ሉ» ማለትም ተኩላ ይባላል። በስፔን «ሉቢና»፣ በጣሊያን «ብራንዚኖ» ወይም «ስፒጎላ»፣ በቱርክ «ሌቭሬክ»፣ በእስራኤል «ላቭራክ» ነው። በሜዲትራኒያን አገሮች ገበያ የሚሸጠው ባስ በአብዛኛው በእርባታ የተገኘ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ዓሣው በአገሪቱ አይገኝም። በጫሞና በአባያ ሐይቆች የሚኖረው የናይል ፐርች በቅርጹ ቢመስለውም የሌላ ቤተሰብ አባልና ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ዓሣ ነው።

## ገጽታና የሕይወት ዑደት

ባስ ረዘም ያለ፣ ጠንካራ ሰውነት ያለው ዓሣ ነው። ጎኑ ብርማ፣ ጀርባው ግራጫ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ሆዱ ነጭ ነው። በጀርባው ላይ ሁለት ክንፎች አሉት፤ የፊተኛው ክንፍ ሹል እሾሆች የያዘ ነው። የስንጥቡ ክዳን ጠርዝም ስለታም በመሆኑ ሳይጠነቀቅ የያዘውን ሰው እጅ ይቆርጣል። ርዝመቱ እስከ 1 ሜትር፣ ክብደቱ እስከ 12 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ሆኖም ከዳርቻ የሚያዙት አብዛኞቹ ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። የሚኖረው ከኖርዌይ ደቡብ አንሥቶ እስከ ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ባለው የአትላንቲክ ዳርቻ፣ በሜዲትራኒያን እና በጥቁር ባሕር ነው።

በሰሜኑ ውሃ የሚኖሩት ባሶች ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ባሉት ወራት ከዳርቻ ርቀው እንቁላል ይጥላሉ። ዋናዎቹ ቦታዎች የእንግሊዝ ቻናል እና ከእርሱ በስተ ምዕራብ ያለው የኬልቲክ ባሕር ናቸው። እንቁላል መጣሉ የሚጀምረው ውሃው ወደ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ምሥራቅ እየገፋ ሲሄድም ዓሦቹ አብረው ወደ ምሥራቅ ይሰፋሉ። እንቁላሎቹ በውሃው ላይ እየተንሳፈፉ ይፈለፈላሉ። እጮቹ በባሕሩ ፍሰትና በራሳቸው ዋና ወደ ዳርቻ ይቃረቡና ወንዞች ወደ ባሕር በሚገቡባቸው አፎች፣ በጥልቀት የለሽ የባሕር ወሽመጦችና በረግረጎች ውስጥ ያድጋሉ። ትንንሾቹ ባሶች በእነዚህ የማሳደጊያ ቦታዎች ለበርካታ ዓመታት ይቆያሉ።

እድገታቸው አዝጋሚ ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ ዙሪያ አንዲት ሴት ባስ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል የምትጥለው 42 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ነው፤ ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ 6 ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ወንዱ ቀደም ብሎና አንሶ ይደርሳል። 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባስ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ የኖረ ነው። ዕድሜው የሚታወቀው በቅርፊቱ ላይ ባሉት ቀለበቶች ነው፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት እድገቱ ስለሚቆም ቀለበቶቹ እየተጠጋጉ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ይቆጠራሉ። ምልክት ታስሮባቸው በተለቀቁ ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ብዙዎቹ የደረሱ ባሶች እንቁላል ከጣሉ በኋላ በየዓመቱ ወደዚያው ዳርቻ እንደሚመለሱ አሳይተዋል።

## የወቅቱ ባሕርይ

ባሕር ከአየር ይልቅ ዘግይቶ ይሞቃል። በእንግሊዝ ቻናል ምዕራባዊ ክፍል ውሃው በጣም የሚቀዘቅዘው በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በማርች መጨረሻ በየብስ ላይ አበባ ፈክቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ባሕሩ ገና በዓመቱ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ሊሆን ይችላል። ባስ ደመ ቀዝቃዛ እንደ መሆኑ ውሃው ሲቀዘቅዝ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴውም ይዘገያል።

በዚህ ምክንያት የወቅቱ መጀመሪያ በአንድ ቀን የሚታወጅ አይደለም። ዓሦቹ በጥቂት በጥቂቱ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚታዩት ብዙ ጊዜ ርቀው ያልሄዱት ትንንሾቹ ናቸው፤ እንቁላል የጣሉት ትልልቆቹ ቀስ በቀስ ይከተላሉ። ከረጅም ጉዞና እንቁላል ከመጣል የተመለሰ ዓሣ ከስቶ ይታያል፤ ርዝመቱ ከበጋ ዓሣ ጋር እኩል ሆኖ ክብደቱ ግን ያንሳል። በኤፕሪል ያለ ዓሣ ብዙ ሰዓት መወርወር የተለመደ ሲሆን፣ ከሜይ ጀምሮ ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል።

ሌላው የወቅቱ መለያ የውሃው ጥራት ነው። ማማለያ በዋናነት በዓይን የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ ማዕበል አሸዋና ጭቃ ባነሣ ማግሥት ብዙም አይሠራ። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ደግሞ በባሕሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ዕፅዋት በፍጥነት ይራባሉ። ይህ መራባት ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ አንዳንዴም ክር ላይ የሚጣበቅ ቡናማ ዝቃጭ ይፈጥራል። የእንግሊዝ አጥማጆች ይህን «የሜይ ውሃ» ይሉታል። ለአጥማጁ ቢያስቸግርም በባሕር ውስጥ ያለው የምግብ ሰንሰለት ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

## የሚመገበውና የሚገኝበት ቦታ

በጸደይ መጀመሪያ ማኬሬልን የመሳሰሉ በመንጋ የሚሄዱ ዓሦች ወደ ዳርቻ ገና አልደረሱም። ስለዚህ ባስ በአብዛኛው ከባሕሩ ወለል አጠገብ ይመገባል። ዋናው ምግቡ ሸርጣን ነው። ሸርጣን ለማደግ ጠንካራ ልባሱን መጣል አለበት፤ አዲሱ ልባስ እስኪጠነክር ድረስ ሰውነቱ ለስላሳና መከላከያ የሌለው ይሆናል። ውሃው መሞቅ ሲጀምር ብዙ ሸርጣኖች ልባሳቸውን ስለሚጥሉ ባስ እነርሱን ፍለጋ በጣም ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ይገባል። ከዚህ ሌላ ሽሪምፕ፣ ትንንሽ የዓለት ሥር ዓሦች፣ እንዲሁም በቀዝቃዛው ወቅት አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ቆይተው በጸደይ የሚወጡት ሳንድ ኢል የተባሉ ቀጫጭን ዓሦች ይበላሉ።

ከዚህ በመነሣት አጥማጆች የሚመርጧቸው ቦታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

- ዓለትና አሸዋ የሚገናኙባቸው፣ የባሕር አረም የሸፈናቸው ጥልቀት የለሽ ዳርቻዎች፤
- ውሃው ከሌላው ቀድሞ የሚሞቅባቸው የወንዝ አፎችና የተከለሉ ወሽመጦች፤
- ፍሰቱ ዓለት ወይም የወደብ ግንብ እየመታ የሚዞርባቸው ማዕዘኖች፤
- ሞገድ እየቆፈረ ምግብ የሚያወጣባቸው ክፍት የአሸዋ ዳርቻዎች።

በዚህ ረገድ ከሚታወቁት መካከል በእንግሊዝ የዴቨን፣ የኮርንዎልና የዶርሴት ዳርቻዎች፣ በዌልስ የፔምብሮክሺር ዳርቻ፣ በአየርላንድ ዌክስፎርድ፣ ዋተርፎርድና ኬሪ፣ በፈረንሳይ ደግሞ ብሪታኒና ኖርማንዲ ይገኙበታል።

## የባሕር ሙላትና ጉድለት

የአትላንቲክ ዳርቻ ባስ ኑሮው በባሕር ሙላትና ጉድለት የተመራ ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይጠባል። በእንግሊዝና በዌልስ መካከል ባለው የብሪስቶል ቻናል ልዩነቱ እስከ 14 ሜትር ይደርሳል። በሜዲትራኒያን ግን በጣም አነስተኛ ስለሆነ የዚያ አጥማጆች ይበልጥ የሚከተሉት ነፋስንና ብርሃንን ነው።

ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ለሰዓታት ደርቆ የቆየውን ዓለትና አሸዋ ስለሚሸፍን ባስ በዚያ የተደበቁ ሸርጣኖችን ፍለጋ ከውሃው ጠርዝ ጋር አብሮ ይገፋል። ብዙ አጥማጆች ሙላቱ ከተጀመረ በኋላ ያሉትን ሰዓታት የሚመርጡት ለዚህ ነው። በጸደይ ወቅት ፀሐይ ያሞቀችው ጭቃና ዓለት የሚሞላበትን ውሃ በጥቂቱ ስለሚያሞቅ፣ በከሰዓት በኋላ የሚሆን ሙላት ከማለዳው ሊሻል ይችላል። ይህ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ማጥመድ ከሚመረጥበት ከበጋው ልማድ የሚለይበት ነጥብ ነው።

## መሣሪያና ማማለያዎች

የተለመደው ዘንግ ከ2.4 እስከ 3 ሜትር የሚረዝም፣ ቀላልና ፈጣን ሲሆን ከ10 እስከ 40 ግራም የሚመዝን ማማለያ ለመወርወር ያስችላል። በመጠቅለያው ላይ ያለው ክር ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ነው፤ ስለማይለጠጥ የዓሣውን ቀላል ንክሻ እንኳ ለእጅ ያደርሳል። ይሁን እንጂ በዓለት ላይ በቀላሉ ስለሚበጠስ፣ በጫፉ 1 ሜትር ያህል ጭረትን የሚቋቋምና በውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ፍሎሮካርቦን የተባለ ክር ይቀጠልበታል።

ማማለያዎቹ በአራት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው የዓሣ ቅርጽ ያለው ጠንካራ ማማለያ ነው። በአፉ በኩል ያለው ትንሽ ምላስ ሲጎተት ወደ ውስጥ ያጠልቀዋል፣ ያንቀጠቅጠውማል። የዚህ ዓይነት ተንሳፋፊ ማማለያ በስፋት እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የመጀመሪያውን ማማለያ በእጁ ሲቀርጽ ያሰበው ቆስሎ የሚንገዳገድ ትንሽ ዓሣን ለመምሰል ነበር። በብሪታንያ ደግሞ ባዮሎጂስቱ ማይክ ላድል ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት «ኦፐሬሽን ሲ አንግለር» የተባለው መጽሐፍ ከዳርቻ ባስን በማማለያ የመያዝ ዘዴ እንዲስፋፋ ረድቷል።

ሁለተኛው ከለስላሳ ፕላስቲክ የሚሠራው ነው። የመንጠቆው ጫፍ በፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚደበቅ በአረም መካከል ሳይያዝ ያልፋል። በጣም በዝግታ ሊጎተት ስለሚችልም ለቀዝቃዛ ውሃ ተስማሚ ነው። ሦስተኛው ከብረት የሚሠራ ሲሆን፣ ከባድና ትንሽ በመሆኑ ነፋስን ሰንጥቆ ርቆ ይሄዳል። አራተኛው በውሃው ገጽ ላይ እየተረጨ የሚሄደው ነው፤ ይህ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ በሚመገብበት በሞቃታማው ወቅት ይበልጥ ስለሚሠራ በጸደይ መጀመሪያ ብዙም አይመረጥም።

## አጠማመድ

በቀዝቃዛ ውሃ ዋናው ሕግ ዝግታ ነው። በበጋ ባስ በፍጥነት የሚያልፍ ማማለያን አሳድዶ ይይዛል፤ በኤፕሪል ግን ለማሳደድ የሚያወጣው ጉልበት ከሚያገኘው ምግብ ሊበልጥበት ይችላል። ስለዚህ አጥማጁ ማማለያውን ቀስ ብሎ ይጠቀልላል፣ በየመሀሉ ያቆመዋል፣ ከዚያ እንደገና ያንቀሳቅሰዋል። ብዙ ጊዜ ዓሣው የሚመታው ማማለያው በቆመባት ቅጽበት ነው። ለስላሳውን ፕላስቲክ ከባሕሩ ወለል ጥቂት ከፍ አድርጎ መጎተት፣ ወይም ፍሰቱ ራሱ እንዲወስደው መተው በዚህ ወቅት የሚሠራባቸው ዘዴዎች ናቸው።

ርቆ መወርወር ሁልጊዜ ጥቅም የለውም። ባስ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ሊመገብ ስለሚችል፣ ወዲያው ወደ ውሃው የገባ አጥማጅ ከፊቱ ያለውን ዓሣ ያባርራል። ልምድ ያላቸው መጀመሪያ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብለው፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይወረውራሉ። ባስ ከዓይኑ ሌላ በጎኑ ላይ በሚዘረጋው የስሜት መስመር የውሃን ንዝረት ስለሚያውቅ፣ በድንጋይ ላይ የሚንኮሻኮሽ እርምጃም ያስደነግጠዋል።

## ደኅንነት

የጸደይ ባሕር ለሰውም ቀዝቃዛ ነው። በ9 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እጅና እግሩም በአጭር ጊዜ ይደነዝዛል። በአረም የተሸፈነ ዓለት ያዳልጣል፤ ከሌሎቹ የበለጠ ሞገድም ሳይታሰብ ይመጣል። ከሁሉ በላይ የሚያሠጋው በሚሞላ ባሕር መከበብ ነው፤ አጥማጁ የቆመበት ዓለት ከፊት ደረቅ ሆኖ ሳለ ከኋላው ያለው መመለሻ በውሃ ሊሞላ ይችላል። ስለሆነም የሙላቱን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት መልበስ እና የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት ለሌላ ሰው መንገር ይመከራል።

## ዓሣውን ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ

በማማለያ የሚያዝ ባስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነከሰው በአፉ ጠርዝ ነው። የተዋጠ መንጠቆ ግን ሆድ ወይም ስንጥብ ስለሚያቆስል ዓሣውን ይገድላል። በዚህ ምክንያት በማማለያ የተያዘ ዓሣ ሲለቀቅ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው። ዕድሉን ይበልጥ ለማስፋት ብዙ አጥማጆች ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆዎችን በባለ አንድ ጫፍ ይተካሉ፣ ወደ ኋላ የተመለሰውን ሾህም በጉጠት ይደፈጥጣሉ።

ዓሣው በተቻለ መጠን ከውሃ ሳይወጣ መፈታት አለበት። እጅን አስቀድሞ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይልጠዋል። በስንጥቡ ማንጠልጠል ወይም በድንጋይ ላይ ማንደባለል ይጎዳዋል። የደከመ ዓሣ ጭንቅላቱ ወደ ፍሰቱ ዞሮ፣ በራሱ እስኪዋኝ ድረስ ከሥሩ ተደግፎ ይያዛል።

## የዓሣው መመናመንና ሕግ

ባስ በንግድ ዓሣ አስጋሪዎችም ሆነ በመዝናኛ አጥማጆች እጅግ የሚፈለግ ነው። አዝጋሚ እድገቱ፣ እንቁላል ለመጣል በአንድ ቦታ መሰብሰቡና ወደዚያው ዳርቻ መመለሱ በቀላሉ እንዲመናመን ያደርጉታል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 የራሷ የንግድ መርከቦች ባስ እንዳያሰግሩ የከለከለች ሲሆን፣ ለመዝናኛ አጥማጆችም ከሜይ 15 እስከ ጁን 15 ድረስ ወቅቱን ዘግታለች። በዚያው ዓመት ብሪታንያ የባስ ማሳደጊያ የሆኑ የወንዝ አፎችንና ወሽመጦችን በሕግ መከለል ጀመረች።

ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት የተፈለፈሉት ትውልዶች ደካማ ስለነበሩ፣ ማስገሩ ግን ስላልቀነሰ፣ በሰሜኑ ውሃ ያለው ክምችት በፍጥነት አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓ ኅብረት እንቁላል በሚጣልበት ወቅት በሁለት መርከብ የሚጎተት መረብን አገደ፤ ለመዝናኛ አጥማጆች በቀን 3 ዓሣ ብቻ ፈቀደ፤ ሊያዝ የሚችለውን ዝቅተኛ ርዝመትም ከ36 ወደ 42 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረገ። የ42 ሴንቲ ሜትሩ ልክ ሴቷ ባስ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንቁላል የመጣል ዕድል እንድታገኝ የታሰበ ነው። በ2016 ሕጉ ይበልጥ ጠበቀ፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የተያዘ ሁሉ እንዲለቀቅ፣ ከዚያ በኋላ በቀን 1 ዓሣ ብቻ እንዲወሰድ ተደነገገ። በ2020 ከማርች እስከ ኖቬምበር በቀን 2 ዓሣ ተፈቀደ። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ገደቦቹ በሁለቱ ወገኖች ድርድር ይወሰናሉ፤ ለእንግሊዝና ለዌልስ የባስ ሀብት አስተዳደር ዕቅድ በዲሴምበር 2023 ታትሟል። ገደቦቹ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጡ አጥማጁ ከመሄዱ በፊት የዓመቱን ደንብ ማየት ይኖርበታል።

የጸደይ መጀመሪያ ከእነዚህ ሕጎች ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በዚህ ወቅት የምትያዝ ሴት ባስ እንቁላሏን ገና ያልጣለች ወይም በቅርቡ ጥላ የተመለሰች ልትሆን ትችላለች። ሥጋዋ በበጋው ማብቂያ ከሚኖረው ያነሰ ነው፤ በምትኳ የምታድገዋም ተመሳሳይ መጠን ለመድረስ በርካታ ዓመታት ያስፈልጓታል። ብዙ የዳርቻ አጥማጆች ሕጉ ዓሣ መውሰድን በሚፈቅድባቸው የጸደይ ሳምንታት እንኳ የያዙትን መልሰው የሚለቁት በዚህ ምክንያት ነው።